ሦስት ቀን ለጣና ደሴቶች፦ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ለሚነሣ ተጓዥ

በምዕራብ ጎጃም ሰው ከቤቱ ርቆ መንገድ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ለንግሥ፣ ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሕክምና ወይም ለገበያ ነው። ተፈጥሮን አይቶ ለመመለስ ብቻ ሁለት ሦስት ቀን ከሥራው የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። ይሁንና ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከቡሬ ደግሞ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጥልቅ ሐይቅ፣ ማረሻ ያልነካው የቡና ደን፣ የዓባይ ፏፏቴ እና ከ30 በላይ ደሴቶች ያሉበት ጣና ይገኛሉ። ገንዘብ ያለው የውጭ ሀገር ሰው ለዕረፍት ደሴት ፍለጋ ፓስፊክ ውቅያኖስ ድረስ በአውሮፕላን ይጓዛል፤ የእኛ ደሴቶች ግን በሕዝብ ማመላለሻ የግማሽ ቀን መንገድ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ በሦስት ቀን ውስጥ ደርሶ ለመመለስ ለሚያስብ ቤተሰብ፣ ማኅበር ወይም የጓደኛሞች ቡድን የተዘጋጀ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የመንገዱ ደኅንነት ይጠየቅ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በክልሉ በተከሠተው የጸጥታ ችግር ምክንያት በክልሉ መንገዶች ላይ የሚደረግ ጉዞ በተደጋጋሚ ሲስተጓጎል ቆይቷል። ዛሬ የተከፈተው ነገ ሊዘጋ ስለሚችል፣ በዋዜማው መናኸሪያ ሄዶ ሾፌሮችን መጠየቅና በመንገዱ ላይ በሚገኙ ከተሞች ለሚኖር ዘመድ መደወል ያስፈልጋል። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ጉዞውን ማቆየት ነው፤ ደሴቶቹ የትም አይሄዱም።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ መቼ ይኬድ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ችግሩ የአርሶ አደሩ የዕረፍት ጊዜና የውኃው የውበት ጊዜ አለመገጣጠማቸው ነው። የጣና ውኃ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስሙን የሚያስመሰክረውም ያን ጊዜ ነው፤ ተራራው በአደይ አበባ ተሸፍኖ ይታያል። ነገር ግን መስከረምና ጥቅምት ጤፍ የሚታረምበት፣ የበቆሎ እሸት ከዝንጀሮና ከጦጣ የሚጠበቅበት ወቅት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ፣ የበቆሎ ሽልቀቃና የበርበሬ ለቀማ ናቸው፤ ከዚያም አውድማው ይከተላል። እህሉ ጎተራ ገብቶ እፎይ የሚባለው ከጥምቀት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ፏፏቴው ሳስቷል።

ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጉዞ ለማየት መሞከር ትርፉ ድካም ነው። የከተማ ነዋሪው፣ መምህሩና ነጋዴው ለመስቀል ሰሞን ወይም ለጥቅምት ቢያቅዱ ይሻላቸዋል። ለአርሶ አደር ቤተሰብ ደግሞ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ይመቻል፤ ፏፏቴውን ትቶ በደሴቶቹና በደኑ ላይ ማተኮር ነው። መንገዱ ደረቅ ነው፣ የዘጌ ቡና ተለቅሞ በየደጁ ይሰጣል፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎችም ገና አልተመለሱም። በእነዚህ ሳምንታት ለሚጓዝ ሰው ተጨማሪ ዕድል አለ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች በዓል ስለሚከበር፣ ቀኑን አመቻችቶ የተነሣ ሰው ጉግሱንና ግልቢያውንም በመንገዱ ያያል። በዚያ ሰሞን ማደሪያ እንደልብ እንደማይገኝ ግን አስቀድሞ ይታወቅ።

የበጋ ስንዴ ወይም ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደር ከዚህ ስሌት ይለያል። ጥርና የካቲት የእርሱ የሥራ ወራት ናቸው። የውኃ ተራውን የሚቀበልለት ወንድም ወይም ጎረቤት ካላገኘ ሦስት ቀን ብዙ ነው። ከብት ያለውም ቢሆን የሚያግድለትና የሚያጠጣለት ሰው ማዘጋጀቱን ከጉዞው ወጪ ጋር አብሮ ማሰብ ይኖርበታል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ተማሪ ሳለ ይህን ሁሉ ሳያሰላ በመጋቢት ወር ጢስ ዓባይ ሄዶ ያየው ጥቁር ገደልና በጎኑ የሚወርድ ቀጭን ውኃ ነው። ስህተቱ የፏፏቴው አልነበረም።

ጉዞው ራሱ የውኃን መንገድ መከተል ነው ማለት ይቻላል። በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ የሚፈስሱት ላህና ብር፣ በቡሬ በኩል የሚወርደው ፈታም፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዙረው በቆላው ወደ ዓባይ የሚገቡ ናቸው። ጣናን አያውቁትም። ቲሊሊ ታልፎ ወደ አዊ ደጋ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። በዚያ ከፍታ ላይ ውኃ ይከፋፈላል፤ በሰከላ ወረዳ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣና ይገባል፣ ከጣና ደግሞ ትልቁ ዓባይ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ አንድ መኪና ላይ የተሳፈረ ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ጣና ከማይደርሱ ወንዞች ሀገር ተነሥቶ ጣናን ወደሚሞሉ ወንዞች ሀገር ይሻገራል።

ግሽ ዓባይን ማየት የሚፈልግ ሰው ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ሰከላ መግባት ስለሚኖርበት፣ በዚህ የሦስት ቀን ዕቅድ ውስጥ ባይጨምረው ይመረጣል። ምንጩ የተቀደሰ ጠበል ነው፤ ወደ ጠበሉ የሚቀርበው እህል ሳይቀምስ የሄደ ሰው ነው። ለብቻው አንድ ቀን ይገባዋል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ስንት ወራት ተጉዞ የደረሰበት ቦታ ለእኛ የጎረቤት ወረዳ መሆኑ ሲታሰብ፣ ብዙዎቻችን ሳናየው መኖራችን ያስገርማል።

የመጀመሪያው ቀን ማረፊያ ዘንገና ሐይቅ ነው። ከቡሬ ወደ እንጅባራ ሲኬድ፣ ከተማዋ ከመድረሷ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ቀደም ብሎ ከአስፋልቱ አጠገብ ይገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ ክብ ቅርጽ ያለውና ዙሪያውን ደን የከበበው ሐይቅ ነው። የተፈጠረው በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ከ150 ሜትር ይበልጣል። የጣና ትልቁ ጥልቀት 15 ሜትር እንኳ የማይሞላ መሆኑን ላስታወሰ ሰው ይህ ትንሽ ሐይቅ ሌላ ዓይነት ፍጥረት ነው። ዳርቻው እንደ ጣና ቀስ እያለ የሚጠልቅ ሳይሆን ወዲያው ወደ ገደል የሚገባ በመሆኑ ልጆች እጃቸው ይያዝ፤ መዋኘትም አይሞከር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከፍኖተ ሰላም የተነሣ ሰው እዚህ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቢቆይ ለባሕር ዳር አይመሽበትም። ጋቢ ወይም ሹራብ ያስፈልጋል፤ ቆላና ወይና ደጋ የለመደ ሰው በእንጅባራ ብርድ ይገረማል።

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው ቀጭን ቅጠል ያለው ደን ለአርሶ አደር ተጓዥ ከሐይቁ የማያንስ ትምህርት ይሰጣል። ዲከረንስ ይባላል፤ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዝርያ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ አርሶ አደሮች በአሲድ በተጠቃ ማሳቸው ላይ ከእህል ጋር እያፈራረቁ ይተክሉታል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆርጠው ከሰል ያከስሉታል፣ ከዚያም መሬቱን መልሰው ይዘሩታል። የተራቆተ መሬት በዚህ መንገድ እንደገና ሲለብስ ታይቷል፤ ብዙ ቤተሰብም ቆርቆሮ ቤት ሠርቶበታል። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ ጉዳት አድርሷል። መላ ኑሮን በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ መጣል ምን እንደሚያስከትል ቆም ብሎ መጠየቅ ለሚፈልግ፣ አዲስ ቅዳም ገበያ ላይ ሻይ እየጠጡ መጨዋወት ይበቃል።

ዱርቤቴን አልፎ ወተት ዓባይ ላይ ድልድዩ ሲደረስ፣ ከታች የሚያልፈው ግልገል ዓባይ ነው። በክረምት ቀይ ጭቃ ይመስላል። ያ ጭቃ የሰከላና የሜጫ ማሳ አፈር ነው፤ የወንዙ አፍ ላይ ደለሉ ተከማችቶ ወደ ሐይቁ ውስጥ የገባ አዲስ መሬት ሠርቷል። መራዊ ላይ የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ በመሆኑ በበጋ አረንጓዴውን ከመኪና መስኮት ማየት ይቻላል። ከዚያ ባሕር ዳር ከ40 ኪሎ ሜትር በታች ነው።

ባሕር ዳር የደረሰ ሰው ማደሪያ ከያዘ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው በዚያው ምሽት ጀልባ መነጋገር ነው። የጀልባ ኪራይ የሚቆረጠው በሰው ሳይሆን በጀልባ ስለሆነ፣ ሁለት ሰው ብቻውን የሚከፍለውን ስምንት ወይም ዐሥር ሰው ቢካፈለው ይቀላል። ማኅበርተኛና ዕቁብተኛ ሆኖ መጓዝ ለዚህ ይጠቅማል። ዋጋው የየትኞቹን ቦታዎች ጉዞ እንደሚያካትት፣ ጀልባው በየቦታው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅና ለሁሉም ሰው ተንሳፋፊ ጃኬት መኖሩን ከመስማማት በፊት መጠየቅ ይገባል። የደጋ ሰው አብዛኛው ዋና አያውቅምና በዚህ የመጨረሻው ነጥብ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። ወደ ዘጌ ብቻ መሄድ የሚፈልግ በሕዝብ ጀልባ ወይም በየብስ መኪናም መሄድ ይችላል፤ የመነሻ ሰዓቱን በዋዜማው ማረጋገጥ ነው።

ጣና በሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ሲሆን ስፋቱ እንደ ወቅቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣና ማዕበል ስለሚበረታ፣ ጉዞው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተጀምሮ ከቀትር በኋላ ብዙም ሳይቆይ ቢጠናቀቅ ይሻላል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ውሳኔ የትኛው ደሴት የሚለው ነው።

ለከተማው የሚቀርበው ደብረ ማርያም፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ የሚገኝ ነው። ጉማሬ የሚታየውም በዚያ በኩል ነው፤ ጀልባው ራቅ ብሎ ይቁም። ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ጎን ለጎን ያሉ ትናንሽ ደሴቶች ናቸው። ወደ ክብራን ሴት አትገባም፤ እንጦስ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አጽም ያረፈበት ታላቅ ገዳም ሲሆን፣ እርሱም ለወንዶች ብቻ የተፈቀደ ነው። ከዳጋ አጠገብ ያለው ደቅ ከደሴቶቹ ሁሉ ሰፊው ነው፤ ሰዎች እያረሱ ይኖሩበታል፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም እዚያው ነው። ይሁንና ወደ ደቅ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ቀኑ በጀልባ ላይ ያልቃል። ሴቶችና ሕፃናት ላሉበት ቡድን፣ አልፎም ተፈጥሮን ለማየት ለወጣ ሰው፣ የዚህ ጽሑፍ ምክር ጠዋቱን እንጦስ ላይ ጥቂት ቆይቶ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ለዘጌ መስጠት ነው።

ዘጌ በትክክል ካየነው ደሴት አይደለም፤ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር የተያያዘ ልሳነ ምድር ነው። ኑሮው ግን የደሴት ነው። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው የእግር መንገድ ከዳር እስከ ዳር በቡና ዛፍ ተሸፍኗል። ከቡናው በላይ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ እሼ፣ ዋርካና ብርብራ ጥላ ሆነው ቆመዋል። ብርብራ በዚህ አካባቢ ሌላ ታሪክ አለው። ዓሣ አጥማጆች ፍሬውን ወቅጠው ውኃ ውስጥ በመበተን ዓሣ ያደነዝዙበት ነበር። ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። አየሩ ቀዝቃዛ፣ መሬቱ በበሰበሰ ቅጠል የለሰለሰ ነው፤ ከእግር በታች የሚረገጠውን ጥቁር አፈር አንሥቶ በእጅ ማሸት የማይፈልግ የግብርና ተማሪ ያለ አይመስልም።

ይህ ደን የተረፈው በአጋጣሚ አይደለም። በዘጌ ሞፈርና ቀንበር አይገባም፣ ከብትም አይረባም። ሥርዓቱን የሠሩት በመካከለኛው ዘመን ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም እንደሆኑ ይነገራል። በትውፊቱ መሠረት ለነዋሪው ከእርሻ ይልቅ ሦስት ተክሎች ተሰጡት፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። ቡናው ከጻድቁ በትር ስብራት በቀለ ይባላል። ትውፊቱን እንደ እምነት የሚቀበለውም ሆነ እንደ ታሪክ የሚያየው፣ ውጤቱን በዓይኑ ያያል፤ ጎረቤት ያለው መሬት ታርሶ ዛፉ ሲመነምን፣ እዚህ ግን ደኑ እስከ ውኃው ጫፍ ቆሟል። ሕዝቡ ግን በምቾት ብቻ አልኖረበትም። እህል አያርስምና ጤፉንና በቆሎውን በቡናና በጌሾ ዋጋ ከገበያ ይሸምታል፤ የእህል ዋጋ ሲንር ችግሩ ወዲያው ይሰማዋል፤ ለማገዶ ዛፍ መቁረጥም ፈተና ሆኖ ቆይቷል። እኛ በቆሎ አምራቾች ስለ ዘጌ ደን ስንደነቅ ይህንንም ማሰብ ይኖርብናል።

ለተጓዡ የሚጠበቅበት ሥርዓት ቀላል ነው። ሴቶች ነጠላና ረዘም ያለ ቀሚስ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ ይልበሱ፤ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማ ይወልቃል። የግድግዳውን ሥዕል በእጅ መንካትና በፍላሽ ማንሣት ቀለሙን ይጎዳዋል። ለመግቢያ የሚከፈለው በየገዳሙ ስለሆነ ጥሬ ገንዘብና የቀበሌ መታወቂያ ይያዝ። ቅጠል አይቀነጠስ፣ ቡና ከዛፉ አይሸምጠጥ፤ የሚፈለገው ከባለቤቱ ይገዛል። በፓስፊክ የምትገኘው ትንሿ የደሴት ሀገር ፓላው ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ወደ ግዛቷ የሚገባ እንግዳ ሁሉ ተፈጥሮዋን ላለመጉዳት በፓስፖርቱ ላይ በታተመ ቃል ኪዳን ሥር እንዲፈርም ታደርጋለች። የዘጌ መነኮሳት ፊርማ አይጠይቁም።

ጣና ከነአካባቢው በሰኔ 2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። ከምክንያቶቹ አንዱ ዓሣው ነው። ባርበስ ከሚባለው ወገን ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች በዓለም ላይ ከጣና በስተቀር በየትም አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ ሽቅብ ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚያ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ቀድሞ መብላት ነው። ተመጋቢው በሐይቁ ዳር ከሚቀርብለት ውስጥ ቆሮሶ ቢመርጥ እነዚህ ብርቅዬ ዝርያዎች ያርፋሉ።

ሌላው የሚታየው ነገር እንቦጭ ነው። ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው ይህ አረም በብዛት የያዘው የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን ስለሆነ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚጓዝ ሰው ላያጋጥመው ይችላል። ቢያጋጥመው ግን አይታለል፤ ወይን ጠጅ አበባው እጅግ ያምራል። ለጌጥ ብሎ አንዲት ግንድ በውኃ ጠርሙስ ይዞ ወደ ቤት መመለስ በአንድ አካባቢ ላይ ሊደርስ ከሚችለው ሁሉ የከፋ ስጦታ ነው። እንቦጭ ከቁራጭ ግንድ ይራባል፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ላህም፣ ብርም፣ ፈታምም፣ አርሶ አደሩ የቆፈራቸው ኩሬዎችም ከጣና ጋር የውኃ ግንኙነት የላቸውም፤ አረሙ ወደ እነርሱ የሚደርስበት ቀላሉ መንገድ በሰው እጅ ነው።

ከጤና አንጻር ሁለት ነገር ይታሰብ። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስላለ በጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እግርን መንከርና መዋኘት አይመከርም። ወባም አለ፤ ሌሊት አጎበር ባለበት ማደር፣ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከተሰማም ወዲያው ጤና ጣቢያ ሄዶ ከየት እንደመጡ መናገር ያስፈልጋል። ለስንቅ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ይበቃሉ፤ የጀልባ ላይ ፀሐይ ከማሳ ፀሐይ ይብሳልና ባርኔጣ አይረሳ።

ሦስተኛው ቀን እንደ ወቅቱ ይወሰናል። በመስከረምና በጥቅምት የሄደ ሰው ጠዋት በማለዳ ተነሥቶ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ጢስ ዓባይ ይሂድ። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሲሞላም እስከ 400 ሜትር ይሰፋል። ወደ ፏፏቴው በሚያደርሰው የእግር መንገድ ላይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ይገኛል። በበጋ ውኃው የሚቀንሰው በዝናብ ማነስ ብቻ አይደለም። ከሐይቁ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ ፍሰቱን ይቆጣጠራል፤ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎችም ከፏፏቴው በላይ ውኃ ይወስዳሉ፤ ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ ውኃ እየወሰደ ወደ በለስ ይለቃል። መብራቱን የምንጠቀም ሰዎች በየካቲት ሄደን ፏፏቴው አነሰ ብለን ብናማርር ፍትሐዊ አንሆንም። ከጥምቀት በኋላ የሄደ ሰው ይህን ጠዋት በጣና ዳርቻ በደንገል የሚሠራውን ታንኳና ወፎቹን በማየት ቢያሳልፈው ይጠቀማል። ይብራ፣ ፔሊካንና ነጭ ራስ ያለው ዓሣ አዳኙ ንስር ያለ መነጽርም ይታያሉ።

የመልሱን መንገድ በሌሊት ላለመጓዝ ከቀትር በፊት፣ ቢዘገይ እስከ 6 ሰዓት መናኸሪያ መድረስ ያስፈልጋል። ከመሳፈር በፊት የጫማ ሶል ላይ የተጣበቀው የሐይቅ ዳር ጭቃ እዚያው ይራገፍ፤ የልጆች ቦርሳም ይፈተሽ፣ አበባ ይዘው ሊሆን ይችላል።